የተቆለፈው ወንፈል

አገኘሁሽ አሊጋዝ ኮምቦልቻ ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ጣቶቿ ፈጣኖች ነበሩ፤ ምላሷም ከጣቶቿ አያንስም። ያልተዋጠላትን ነገር ለአለቃም ቢሆን ፊት ለፊት ትናገራለች እንጂ ከኋላ ማጉረምረም አታውቅም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ድርቁ ወሎን ባደቀቀበት ወቅት፣ እናቷን እማማ ማሚቱን ለመጠየቅ ወደ ገጠር ወጣች። በዚያው ሰሞን እህል ይታደላል ተብሎ ተለፈፈና ሰዉ ሁሉ ባዶ ጆንያውን እየያዘ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ወዲያው ታጣቂዎች ሜዳውን ከበቡት። እህል የሚባል ነገር አልነበረም። ቆመው የሚጠብቁት ሰው የሚጭኑ መኪናዎች ነበሩ።

አገኘሁሽ ለአዛዡ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኗን ነገረችው። ሰኞ ሥራ መግባት እንዳለባት አስረዳችው፤ መታወቂያዋንም አውጥታ ሰጠችው። ሰውዬው መታወቂያውን አገላብጦ አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሥራ እዚያም አለ፣ አላት። በዚህ ዓይነት ከእናቷ ጋር ተጭና ከወሎ ተራሮች ወደ ሱዳን ድንበር ተወሰደች።

ያወረዷቸው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ በተቆረቆረ የሠፈራ መንደር ነው። የቀርከሃ ጎጆዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ግማሾቹ ገና አልተከደኑም። ሙቀቱ የደጋ ሰው የሚችለው ዓይነት አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ወባው ከጎጆ ጎጆ እየዞረ ሰው ይለቅም ጀመር፤ እማማ ማሚቱም በዚያው ክረምት አረፉ። አገኘሁሽ በቀብሩ ላይ እንባ አልወጣትም። ሰው የሚያለቅሰው ለሞት ነው፤ እናቷን የገደላቸው ግን ወባ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። የያዛት ንዴት ነበር፤ ያ ንዴት ደግሞ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም።

እማማ ማሚቱን ያስታመማቸው የክሊኒኩ ረዳት ጁምዓ ነበር። ጁምዓ የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ መንደሩ የተሠራበት መሬት የአባቱ የማሽላ እርሻ ነበር። አንድ ቀን የመጡ ትራክተሮች ማሽላውን ከነዛላው ገለበጡት። የእሱንም ቤተሰብ ማንም አልጠየቀም። ሰፋሪውና ባላገሩ በጎሪጥ በሚተያዩበት በዚያ ጊዜ፣ እነዚህ ሁለቱ እሷ ሳትጠየቅ መጫኗና እሱ ሳይጠየቅ መሬቱን መነጠቁ አንድ ሥራ መሆኑን ቶሎ ተረዱ። ጁምዓ በተኮላተፈ አማርኛው እህቴ ይላት ጀመር።

መጻፍ የምትችል መሆኗ ሲታወቅ አገኘሁሽን ከማረሻ ሜዳ አውጥተው አሶሳ ከተማ፣ የሠፈራው ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት አስገቧት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ካሣዬ ይባላል። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ የሚመስል ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሰጠ፤ የጽሕፈት መኪና ስትመታ የኖረችው አገኘሁሽም እሱ ላይ ተመደበች። ከዚያ ወዲያ ዋናው መሥሪያ ቤት በእጅ የተጻፈ የእህል መጠየቂያ አልቀበልም አለ። የየመንደሩ ራሽን የሚጫነው ከኮምፒዩተሩ ታትሞ በሚወጣ ወረቀት ብቻ ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው በበጋ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው፣ ፊደሉን ከቁልፍ ገበታው ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ መስታወት፣ ከመስታወቱም ወደ ማተሚያው የሚያደርሰው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ሲስተም ይሉታል። ሲስተሙ ያለው በአንዲት ስስ ዲስክ ላይ ሲሆን ዲስኳን የአሶሳ ሙቀትና ቀይ አቧራ በላት። ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቀረ። ያስመጣው የአዲስ አበባ ወኪል ሲጠየቅ፣ ዲስኩን ማባዛት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ውስጡን መክፈትም አይቻልም፣ አዲስ ይገዛ፤ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይፈቀድ ብሎ መለሰ። ፈቃዱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ወረቀት አልታተመም። ወረቀት ስላልታተመ እህል አልተጫነም። መንደሮቹ ውስጥ ሰው ቅጠል ቀቅሎ ይበላ ጀመር። መጋዘኑ ከተማው ውስጥ ሞልቶ ተቀምጧል!

አገኘሁሽ በእጇ ጽፋ ለጓድ ካሣዬ አቀረበችለት። መመሪያው አይፈቅድም አላት። ሰው እየተራበ ነው ስትለው፣ መመሪያውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም አላት።

በዚህ መሐል ገቢሳ ለጥገና መጣ። ገቢሳ ከወለጋ፣ የነጆ ከተማ ልጅ ነው፤ የመካነ ኢየሱስ ምዕመን፣ ቁጥብና ቀልደኛ። ከአሶሳ እስከ ግልገል በለስ ባሉ የሠፈራ ጣቢያዎች እየዞረ ጄኔሬተርና ኮምፒዩተር ይጠግናል። የሞተችውን ዲስክ አገላብጦ አየና ሳቀ። ግልገል በለስም የደረሰው ይኸው እንደነበር፣ እዚያ ግን መለመን ትተው የራሳቸውን ሲስተም መሥራት እንደጀመሩ ነገራት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምር በቃሉ የሚባል ሰው አለ፤ በሠፈራው ዘመቻ ጊዜ ተማሪ ሆኖ አሶሳ መጥቶ እነዚያን የቀርከሃ ጎጆዎች ያቆመ ነው። ያየውን አልረሳም። ሥር ሥሩን የሚሠራው በቃሉ ነው፤ የማተሚያውን ነገር ገቢሳ ይዟል፤ ሌሎችም በየቦታው የሚረዱ አሉ። ማንም ለማንም አይከፍልም፤ ማንም ማንንም አያዝም። ዲስኩ በሾፌሮች እጅ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ የደረሰው ሰው የቻለውን ጨምሮ ለሌላው ይልካል።

«ስሙን ወንፈል ብለነዋል» አላት ገቢሳ። «ገና ይንገዳገዳል፤ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። ፊደል የሚሠራልን ሰው አጥተን ነው።»

አገኘሁሽ ለማሰብ ጊዜ አልፈለገችም። በጽሕፈት መኪናው ዘመን፣ የፊደሉን አካል ቆርጦ ቅጥያውን እንደ ክራንች ለብቻው የሚለጥፈው መኪና ሁሌም ያናድዳት ነበር። አሁን እያንዳንዱን ፊደል በሙሉ አካሉ ልትሠራው ነው። የካሬ ወረቀት አመጣችና ምሳ ሰዓቷንና የቅዳሜ ከሰዓቷን ለዚያ ሰጠች። መስታወቱ ለአንድ ፊደል የሚፈቅደው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ነው። በእነዚያ ነጥቦች «ሠ» እግሮቿን ለይታ መቆም አለባት፤ «ጬ» ቀለበቷን ሳታጣ መታየት አለባት። ደምስሳ ስትሥል፣ ሥላ ስትደመስስ ሳምንታት አለፉ። በቃሉ ፊደሎቹን ከሲስተሙ ጋር አጋጥሞ ይልክላታል፤ እሷ ሞክራ ያልጣማትን ትመልሳለች። በአካል አይተዋወቁም፤ በዲስኩ ላይ ግን በጣም ይጨቃጨቁ ነበር። እሱ ለማሽኑ የሚቀለውን ይላል፤ እሷ ለዓይን የሚቀለውን። አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው እሱ አልነበረም።

ገቢሳ ለኦሮምኛ «ዸ» እንዲገባ ጠየቀ፤ ገባ። ይህን ያየው ጁምዓ አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲመለከት ቆየና እንዲህ አላት።

«ይሄ ማሽን ያንተ ቋንቋ ያውቃል። ገቢሳ ቋንቋ ያውቃል። የኔ ቋንቋ ለምን አያውቅም? በርታ እናት ክሊኒክ ይመጣል፣ መድኃኒት ወረቀት ይወስዳል፣ ምን ይላል አያውቅም። ወላሂ ልክ አይደለም።»

ልክ አልነበረም። ሁለቱ ተቀምጠው በአማርኛ ፊደል ውስጥ ወካይ የሌላቸውን የበርታ ድምፆች አንድ በአንድ አወጡ፤ በነባሮቹ ፊደሎች ላይ ምልክት እየጨመሩ መላ አበጁላቸው። የመድኃኒት አወሳሰዱን ቃላት የሞላው ጁምዓ ራሱ ነው። ይህንንም ወደ አዲስ አበባና ግልገል በለስ ላኩት፤ ማንም ለምን አላለም። የወንፈል ሕግ አንድ ነበርና። ዲስኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው የሠሪዎቹ ስም ነው፤ ከሥሩ «ውሰዱት፣ ክፈቱት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላ ስጡት፤ የወሰደ አይከልክል» ይላል።

ወንፈል በአሶሳው ኮምፒዩተር ላይ ሳይንገዳገድ የሠራ ዕለት ማተሚያው እየተንጫጫ ጥርት ያለ አማርኛ አወጣ። ወረቀቱ ሄደ፤ እህሉ ተጫነ። ባምባሲ ያለው ጣቢያ ወሰደው፤ ሌሎችም ወሰዱት። አገኘሁሽ ወደ አሶሳ ከመጣች ወዲህ ልቧ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ከበላይ አካል ጎብኚዎች መጡ። ጓድ ካሣዬ እስከዚያ ቀን ድረስ የኮምፒዩተሩን ክፍል የሚያውቀው ከበሩ ነው። ጎብኚዎቹ ማሽኑ አማርኛ ሲጽፍ አይተው ሲደነቁ ግን ፈገግ ብሎ ወደ ፊት መጣና፣ በኔ አመራር የተገኘ ውጤት ነው አለ። አገኘሁሽ እዚያው ቆማ ሰማችው። ጎብኚዎቹ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እንዲያቀርበው ነገሩት።

በማግሥቱ ቢሮው አስጠራት። ሦስት ነገር እንድትሠራ አዘዛት። የሠሪዎቹ ስም ይውጣና የጽሕፈት ቤቱና የኃላፊው ስም ይግባ። የበርታው ክፍል የጠባብነት አዝማሚያ ስላለው ይሰረዝ። ማንም እንዳያባዛው ደግሞ ቁልፍ ይደረግለት፤ የመክፈቻውን ቃል የሚያውቀው ኃላፊው ብቻ ይሁን።

አገኘሁሽ ቆማ አዳመጠችው።

«ጓድ ካሣዬ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም» አለችው። «የኔም አይደለም። እኔ የሠራሁት ፊደሉን ነው፤ እሱንም የሰጠሁት ለሁሉ ነው። አልቆልፍም።»

«የሠራሽው በመንግሥት ማሽን ነው።»

«እኔንም በመንግሥት መኪና ነው ያመጡኝ። የመንግሥት ዕቃ ነኝ?»

ጓድ ካሣዬ ብዙ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ለስለስ አለ። በየሾፌሩ የሚላኩት ዲስኮች ምን እንደያዙ ማን ያውቃል፣ ለወንበዴ መልእክት ይሆናሉ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ቢነሳ ሊከላከልላት እንደማይችል ገለጸላት። ዛቻው ገብቷታል። እሷ ግን ወጥታ የምታውቀውን ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሁሉ ተናገረች። በሳምንቱ ከቢሮ ተነሥታ ወደ መንደር፣ ወደ ዶማና ማረሻው ተመለሰች።

ቁልፉን የሠራው ጓድ ካሣዬ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ሰው ነው። ስሞቹ ጠፉ፤ ያቺ ከሥራቸው የነበረችው ቃልም ጠፋች። የጁምዓ ቋንቋ ተፋቀ። በየጣቢያው ያሉት ዲስኮች ተሰበሰቡና በተቆለፈው ተተኩ። በቃሉ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ድረስ ሄዶ አቤት አለ፤ አንዱም አልመለሰለትም። ጓድ ካሣዬ ዲስኩን ይዞ ወደ ኤግዚቢሽኑ ሄደ። እዚያም ተጨበጨበለት፤ ሽልማትም ተቀበለ። አገኘሁሽ ይህን የሰማችው በቆሎ ስትኮተኩት ከመንደሩ ድምፅ ማጉያ ነው። ከአጠገቧ የነበሩት ሰዎች በኋላ ሲናገሩ፣ ዶማዋን በአንድ ምት እስከ እጀታው መሬት ውስጥ ቀበረችው ይላሉ።

የሽልማቱ ግብዣና ጉብኝት ሲረዝም የራሽኑ ቀን ደረሰ። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተሩ ሲበራ የመክፈቻውን ቃል ጠየቀ። ቃሉን የሚያውቀው ሰው አዲስ አበባ ነው፤ ስልክ ቢደወል አይገኝም። መጠየቂያው አልታተመም። ጎረቤቷ ጠጂቱ፣ ጨቅላ ያቀፈች አራስ፣ ባዶ ጆንያዋን ይዛ ከከተማ ስትመለስ አገኘሁሽ አየቻት። ጠጂቱ ጆንያውን አጣጥፋ ጎጆዋ ገባች። ሁለተኛ ጊዜ ነው። ያኔ የተራቡት በባዕድ ሰው ቁልፍ ነበር፤ አሁን የሚራቡት እሷ ራሷ በሠራችው ፊደል ላይ በተደረገ ቁልፍ ነው።

አገኘሁሽ ዶማዋን ጥላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ጁምዓ ነገሩን ገና ሳትጨርስለት የክትባት ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ዲስክ የሚገድለው ሙቀት ነው ሲባል ሰምቶ፣ ያልተቆለፈውን ወንፈል ከክትባቱ ብልቃጥ ጎን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሯል። ሲሰበሰብ አላስረከበም።

«ክሊኒክ ዲስክ የለውም አልኩ» አላት። «ፍሪጅ ማንም አልጠየቀም።»

ሁለቱ በጠራራ ፀሐይ አሶሳ ገቡ። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነበር፤ ቢሮው በሠራተኛ፣ ግቢው በባለጆንያ ተሞልቷል። ዘበኛው ሰንበቴ በሩ ላይ አገኛት። ሰንበቴም ሰፋሪ ነው፤ የእሱም ልጆች ራሽን ይጠብቃሉ። መግባት እንደማትችል ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረና ወደ ግቢው ዞሮ ቆመ። ገባች። የቀድሞ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የተቆለፈውን ዲስክ አውጥታ የጁምዓን ከተተች። መስታወቱ ላይ ስሞቹ መጡ፤ በቃሉ፣ ገቢሳ፣ አገኘሁሽ፣ ጁምዓ፣ የሌሎቹም። ሠራተኞቹ ከየጠረጴዛቸው ተነሥተው ከኋላዋ ቆሙ። ማንም ተይ አላለም፤ ማንም በርቺም አላለም። ማተሚያው ሲጮህ ዋለ። የመንደሮቹ መጠየቂያ ሁሉ ወጥቶ ማኅተም ተመታበትና በዚያው ቀን መኪና ተጫነ።

ጓድ ካሣዬ ሲመለስ አሳሰራት። ጁምዓንም ከክሊኒኩ አስነሥቶ ወደ ኩርሙክ ላከው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ምርመራ ተብሎ በየቀኑ ይጠሯታል፤ ዲስኩን ማን ሰጠሽ ይሏታል። ወንፈል የሁሉ ስለሆነ ማንም ሊሰጠኝ ይችላል፣ ትላቸዋለች። ሊከሷት ግን አልቻሉም። ዋናው መሥሪያ ቤት መጠየቂያው በወቅቱ ስለደረሰው ለጓድ ካሣዬ የምስጋና ቃል ልኮለት ነበር። እሷን ጥፋተኛ ለማድረግ፣ ጓድ ካሣዬ የተሸለመበት ሥራ ተቆልፎ ሕዝብ ሊያስርብ እንደነበር ራሱ ማመን ሊኖርበት ነው። በዝምታ አስፈታት። ይቅርታም ማብራሪያም አልነበረም። በማያሳስር ነገር ታስራ፣ ላልሠራችው ጥፋት ምሕረት እንደተደረገላት ሁሉ ወጣች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁሉን በተነው። ደርግ ወደቀ። ጽሕፈት ቤቱ ተዘረፈ፤ ኮምፒዩተሩ የት እንደገባ አልታወቀም። ጓድ ካሣዬ አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ከፈተ ተባለ፤ የተቆለፈውን ፕሮግራም ይሸጥበታል፣ በራሱ ስም። ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ሲመለስ አገኘሁሽም ኮምቦልቻ ድረስ ሄደች። የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ መዝገብ ውስጥ «በገዛ ፈቃዷ ሥራ የለቀቀች» ተብላ ተጽፋለች። በግድ ተጭኜ ነው ስትል ወጣቱ ሠራተኛ ማስረጃ እንድታመጣ ነገራት። አዛዡ ኪስ ውስጥ የገባውን መታወቂያ ከየት ታምጣው? የተሰማትን ሁሉ በዚያ ቢሮ ተናገረች፤ ሰው ከየክፍሉ ወጥቶ እስኪያይ ድረስ። ከዚያም ወደ አሶሳ ተመለሰች። ዘመዶቿ በዚያ ምድር ላይ ምን አላት ብለው ተደነቁ። እናቷ እዚያ አሉ፤ ሥራዋም እዚያ ነው።

ገቢሳ ከግልገል በለስ፣ ጁምዓ ከኩርሙክ ተመልሰው ባምባሲ ተገናኙ። አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አሮጌ ኮምፒዩተር አግኝቶ ሲስተም የሚጭንለት ሰው ይፈልግ ነበር። በቃሉ በየከተማው ካሉ ሰዎች የሰበሰበውን አዲሱን ወንፈል ላከላቸው። ውስጡን ሲከፍቱት ማንነታቸውን የማያውቋቸው ሰዎች የጨመሩት ብዙ ነገር አገኙ፤ አንዱ የትግርኛ ፊደሎችን አስገብቷል፤ ሌላው ደግሞ የአገኘሁሽን «ጬ» ደፍሮ ለውጦታል።

አገኘሁሽ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማነው ይሄን የነካካው?» አለች። «ቀለበቷን አጥብቧት የለም እንዴ!»

ገቢሳ አዲሱ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ለማተሚያው ይቀላል አለ። ጁምዓ ሁለቱንም አስተያይቶ ለእሱ ምንም ልዩነት እንደሌለው ተናገረ፤ ይልቅ ሕሙማኑ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ቶሎ ይጫን አለ። አገኘሁሽ አልሰማችውም። የካሬ ወረቀት አስመጥታ፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበች።